ከኅዳር ጽዮን እስከ ቃና ዘገሊላ
(በኮሎምበስ፣ ኦሃዮ በማኅበረሰባችን የወጣቶች ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ በተለይም ከፊት የተቀመጣችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ የምናገረው በጥር 2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ዋንጫ ስላነሣው የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን ነው። ብዙዎቻችን ወላጆች ይህን ጨዋታ የልጆች ጉዳይ ነው ብለን ትተነዋል። ሕጉ ግን ከሩቅ ሲታይ እንደሚያስፈራው አይደለም። ኳስ የያዘው ቡድን በ4 ሙከራ 10 ያርድ (9 ሜትር ገደማ) ወደ ፊት መሄድ አለበት፤ ከተሳካለት ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፣ ካልተሳካለት ኳሱን ያስረክባል። ለጊዜው ይህ ይበቃናል።

የቡድኑ ተጫዋቾች ጃክ ሶየር፣ ኤሜካ ኢግቡካ፣ ትሬቬዮን ሄንደርሰንና ጓደኞቻቸው እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ወደ ፕሮፌሽናል ሊግ የመሄድ ዕድል ነበራቸው። እነሱ ግን አንድ ዓመት ጨምረው ለመጫወት ወሰኑ። ኮሌጅ ከገቡ ጀምሮ ዋና ተቀናቃኛቸውን የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲን አንድም ጊዜ አላሸነፉም ነበርና ይህ ቁጭት በልባቸው ነበር። በጥቅምት ወር በኦሪገን 32 ለ31 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ግን ፔን ስቴትንም ኢንዲያናንም አሸንፈው ወደ መጨረሻው የመደበኛ ውድድር ቅዳሜ ደረሱ።

ያ ቅዳሜ ኅዳር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ የኅዳር ጽዮን ዕለት። ከመካከላችን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቴሌቪዥን የከፈቱ አሉ። ሚሺጋን በዚያ ዓመት ደካማ ስለነበር ኦሃዮ ስቴት በ20 ነጥብ ገደማ ይበልጣል ተብሎ ተገምቶ ነበር። ከ100 ሺህ በላይ ሕዝብ በሞላው በገዛ ስታዲየማችን 13 ለ10 ተሸነፍን። ኳስ መቺያችን ጄይደን ፊልዲንግ እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ የሚያስገኙ 2 ምቶች ሳተ፤ አንዱ ቢገባ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። ከጨዋታው በኋላ የሚሺጋን ልጆች ባንዲራቸውን በሜዳው መካከል ሊተክሉ ሲሞክሩ ድብድብ ተነሣ፣ ፖሊስም ለመገላገል አስለቃሽ ርጭት ተጠቀመ። አሠልጣኙ ራያን ዴይ ይባረር የሚለው ድምፅም ከተማውን ሞላው።

እኔን በጣም ያሳዘነኝ ይህ የመጨረሻው ነው። እነዚህ እኮ ገና የ20 እና የ22 ዓመት ልጆች ናቸው። ደጋፊ በማሸነፋቸው ጊዜ «ልጆቻችን» ይላቸዋል፤ በተሸነፉበት ምሽት ግን ስድብ ያወርድባቸዋል። ወላጆች፣ አንድ ፈተና የወደቀ ልጅ ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ብለን እንደምንቀበለው እናስብ።

ልጆቹ ግን አልተበተኑም። ከአሠልጣኞቻቸው ጋር ተቀምጠው በሆዳቸው ያለውን ተነጋገሩ። ዕድልም ረዳቸው፤ ለብሔራዊ ዋንጫው የሚፎካከሩት ቡድኖች እስከ ቀደመው ዓመት 4 ብቻ ነበሩ፣ በዚያ ዓመት ግን ለመጀመሪያ ጊዜ 12 ሆኑ። በአሮጌው ሥርዓት ቢሆን 2 ጊዜ የተሸነፈው ቡድን የሚገባበት በር አልነበረውም። በ8ኛ ደረጃ ገቡ።

ታኅሣሥ 12 ቀን በብርዱ ሌሊት ቴነሲን እዚሁ ኮሎምበስ 42 ለ17 አሸነፉ። በፈረንጆች አዲስ ዓመት ዕለት ደግሞ ኦሪገንን በካሊፎርኒያ ገጠሙ። በጥቅምት በአንድ ነጥብ ያሸነፋቸውን ቡድን ገና ከዕረፍት በፊት 34 ለ0 መሩት! በመጨረሻም 41 ለ21 ተለያዩ።

ከሁሉ ይልቅ ግን የቴክሳሱን ግማሽ ፍጻሜ አልረሳውም። ኦሃዮ ስቴት 21 ለ14 እየመራ ነው፤ ቴክሳስ ግን ነጥብ ወደሚቆጠርበት መስመር ለመድረስ አንድ ያርድ ብቻ ቀርቶታል። የእኛ ተከላካዮች ግን አንበገርም አሉ፣ በሁለተኛው ሙከራ 7 ያርድ ወደ ኋላ ገፏቸው። በአራተኛውና በመጨረሻው ሙከራ ጃክ ሶየር የቴክሳሱን ኳርተርባክ (ማጥቃቱን የሚመራውንና ኳስ የሚያቀብለውን ተጫዋች) ክዊን ዩወርስን ደርሶበት ኳሱን ከእጁ አስጣለው፤ ራሱ ይዞም 83 ያርድ ሮጠ! ሁለቱ ልጆች ቀድሞ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። ሶየር ደግሞ ያደገው እዚሁ አጠገባችን ፒከሪንግተን ነው፤ በዚያ ሩጫ ውስጥ የልጅነት ሕልሙ አብሮት ይሮጥ እንደነበር አልጠራጠርም።

ፍጻሜው በአትላንታ ጥር 12 ቀን፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት ሆነ። ኖተርዳምን 31 ለ7 ሲመሩ ቆይተው ልዩነቱ ወደ 31 ለ23 ጠበበ። 11 ያርድ በሚያስፈልግበት ሦስተኛ ሙከራ የእኛ ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪው ለጀረማያ ስሚዝ 56 ያርድ የሄደ ኳስ አቀበለው። ከዚያም ጨዋታው ሊያልቅ 26 ሰከንድ ሲቀር 3 ነጥብ ጨምሮ ድሉን ያረጋገጠው ያ በኅዳር የሳተው ፊልዲንግ ነበር። 34 ለ23።

አንዳንዶች ዋንጫው የሚሺጋንን ሽንፈት ሰርዞታል ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሚሺጋን በሜዳችን መጥቶ አሸንፎናል፣ ክብሩም የእሱ ነው። የልጆቹን ትልቅነት ያየሁት ሽንፈቱን ተሸክመው በመሄዳቸው ነው።

ቀጣዩ የውድድር ዘመን ነሐሴ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ከቴክሳስ ጋር ተከፈተ። ወላጆች፣ ጨዋታ ባለ ቀን ከልጆቻችሁ ጋር ተቀመጡ፤ ያልገባችሁን ሁሉ ጠይቋቸው። እናንተም ወጣቶች፣ አባትና እናታችሁ አንድ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ቢደግሙባችሁ ሳትሰለቹ አስረዱ።

አመሰግናለሁ።