ከ6 ሰዓት እስከ 30 ዓመት፦ ራዲዮአክቲቭ አቶሞች ምን ሥራ ይሠራሉ?

[ምስል፦ በእርሳስ የተሸፈነ ሲሊንደር፣ ከላዩ ሁለት መርፌ]

ይህች ጄኔሬተር ትባላለች፤ የኑክሌር ሕክምና ባለሙያዎች ግን ላም ይሏታል። በየጠዋቱ ትታለባለች።

በሆዷ ራዲዮአክቲቭ የሆነው ሞሊብዴነም-99 አሉሚና (የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ዱቄት) ላይ ተጣብቆ ይገኛል። ምንጩ በአብዛኛው በምርምር ሪአክተር ውስጥ የተሰነጠቀ ዩራኒየም ነው። ግማሽ ዕድሜው 66 ሰዓት ነው፤ በየ66 ሰዓቱ ከነበረው ግማሹ ይለወጣል ማለት ነው። ከዚህ የሚወለደው ቴክኒሺየም-99ኤም ግን ግማሽ ዕድሜው 6 ሰዓት ብቻ ነው። ለታካሚ የተመቸውም ለዚህ ነው፤ የውስጥ አካሉ ምስል እስኪነሣ ይቆያል፣ ከዚያ ቶሎ ይከስማል።

[ምስል፦ እጆች ብልቃጥ ሲሰኩ]

አንዱ መርፌ ላይ የኖርማል ሴላይን (የጨው ውሃ) ብልቃጥ ይሰካል። ሌላው ላይ አየሩ የተመጠጠ ባዶ ብልቃጥ፣ ከነእርሳስ መከለያው። ባዶው ሴላይኑን በአሉሚናው ውስጥ ስቦ ያሳልፈዋል፤ ቴክኒሺየሙ ታጥቦ ይወጣል፣ ሞሊብዴነሙ ይቀራል። በአንድ ቀን ውስጥ ጡቷ መልሶ ይሞላል።

ሁለት ነገር ሊበላሽ ይችላል። አንደኛው፣ ሞሊብዴነሙ አብሮ ሲያመልጥ ነው፤ ታካሚው ያለ ጥቅም ጨረር ይቀበላል። በአሜሪካ ደንብ በ1 ሜጋቤክሬል (ቤክሬል የራዲዮአክቲቭነት መለኪያ ነው) ቴክኒሺየም ከ0.15 ኪሎቤክሬል በላይ ሞሊብዴነም ከተገኘ መድኃኒቱ አይወጋም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ጄኔሬተሯ ቅዳሜና እሑድን ሳትታለብ ከቆየች፣ 99ኤም ሲከስም የሚለወጥበት፣ ዕድሜው እጅግ ረጅም የሆነው ቴክኒሺየም-99 ይጠራቀምባታል። በኬሚካል ጠባዩ ከ99ኤም አይለይም፤ ስለዚህ ቴክኒሺየሙን ከመድኃኒቱ ጋር ለማያያዝ የተጨመረውን ቆርቆሮ (ቲን) ይሻማል። ያልተያያዘው ቴክኒሺየም በደም ይዞራል፤ አጥንት ሊታይ ሲገባ ጨጓራና ታይሮይድ ያበራሉ። ሰኞ ጠዋት መጀመሪያ የታለበውን ለእንዲህ ዓይነቱ ዝግጅት አለመጠቀም ይመረጣል።

[ምስል፦ የብረት ቧንቧ ብየዳ]

ፋብሪካ ውስጥ ኢሪዲየም-192 ብየዳን ይመረምራል። የጨረር ምንጩ በአንድ ወገን፣ ፊልሙ በሌላው፤ ብየዳው ውስጥ የቀረ የአየር ቀዳዳ ፊልሙ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ግማሽ ዕድሜው 74 ቀን ስለሆነ፣ ከ74 ቀን በኋላ ለዚያው ፊልም እጥፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ትልቁ አደጋ ምንጩ ወደ መያዣው ሳይመለስ በሚወጣበት ቱቦ ውስጥ ሲቀር ነው። በእያንዳንዱ ፊልም ማንሣት መጨረሻ ላይ የጨረር መለኪያ ይዞ መቅረብ ግድ ነው፤ ምንጩን የሚመልሰው እጀታ ተሽከርክሮ ማለቁ ማስረጃ አይሆንም።

[ምስል፦ ተዳፋት ማሳ]

በ1950ዎቹና 60ዎቹ የተደረጉት የኑክሌር ቦምብ ሙከራዎች ሲዚየም-137ን በዓለም ሁሉ ላይ አዘነቡ። ሸክላ አፈር አጥብቆ ይይዘዋል፣ ግማሽ ዕድሜውም 30 ዓመት ገደማ ነው። ስለዚህ አፈሩ ሲሄድ አብሮት ይሄዳል። ከማሳው በቱቦ አፈር ይወጣል፣ ይደርቃል፣ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ይነፋል፣ ከሲዚየሙ የሚወጣው ጋማ ጨረር ይቆጠራል፤ ሲዚየሙ ካልተሸረሸረ ቦታ ካነሰ አፈሩ ታጥቧል፣ ከበዛ ከላይ የመጣ ደለል ተከምሯል። ሥራውን ሁሉ የሚያበላሸው ማነጻጸሪያውን በችኮላ መምረጥ ነው፦ ሜዳ፣ ሣር የለበሰ፣ ከ1950ዎቹ ወዲህ ማረሻ ያልነካው መሆን አለበት።