ዋጋው መጨረሻ ላይ ነው የሚቆረጠው

ጤና ይስጥልኝ አድማጮች። የዛሬው ወሬያችን ስለ ወሬ ነው። «ኤንቪዲያ በዚህ ወር ሊያወጣ ነው፣ ኤኤምዲ ቀኑን የገፋው እሱን ፈርቶ ነው» የሚባለው ዓይነት፣ ገና ገበያ ያልወጣ የኮምፒውተር ዕቃ ጭምጭምታ። ሁለቱ ተፎካካሪ የቺፕ ኩባንያዎች ናቸው። ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው፤ አለዚያ እንምታታለን።

እንዲህ ያለ ጭምጭምታ ሲመጣ እኔ ቀድሜ የምጠይቀው ወሬው ስለ ምን እንደሆነ ነው። ስለ ቺፑ ነው? ስለሚወጣበት ቀን ነው? ወይስ ስለ ዋጋው? ሦስቱ የሚቆረጡት በተለያየ ጊዜ ነውና፣ የሚታመኑትም በተለያየ መጠን ነው።

ቺፑ ገበያ ላይ ሲታይ ንድፉ ካለቀ ብዙውን ጊዜ ዓመት አልፎታል። ንድፉ ወደ ፋብሪካ ይላካል፣ ቴፕ አውት የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ ናሙና ይሠራል፣ ይፈተሻል፣ እንከን ከተገኘበት ይታረማል፣ በጅምላ መመረት የሚጀምረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንድ ዋፈር፣ ማለትም ቺፖቹ የሚቀረጹበት ክብ የሲሊከን ዝርግ፣ ብቻውን ፋብሪካ ገብቶ እስኪወጣ ሦስት ወር ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ «ተፎካካሪው ስለቀደመው በጥቂት ወር አዲስ ቺፕ ሠርቶ መለሰ» የሚል ነገር ከሰማችሁ እለፉት። በጥቂት ወር የሚቻለው ያለቀውን ቺፕ ስም ወይም ፍጥነት ቀይሮ ማቅረብ ነው።

ስም መቀየር ካልን፣ በ2022 የሆነውን ተመልከቱ። ኤንቪዲያ በሴፕቴምበር አንድ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም የኮምፒውተሩን ምስል የሚሠራ ዕቃ፣ «አርቲኤክስ 4080 ባለ 12 ጊጋ» ብሎ በ899 ዶላር አስተዋወቀ፤ ጊጋው የሜሞሪው መጠን ነው። በዚያው ስም ከሚጠራው ባለ 16 ጊጋው ጋር ቺፑ እንኳ አንድ አልነበረም። ጩኸቱ ሲበዛ ኦክቶበር 14 ላይ ተሰረዘ። ያው ቺፕ፣ ያው 12 ጊጋ፣ በጃንዋሪ 2023 «4070 ቲአይ» ተብሎ በ799 ዶላር ወጣ። ስም ተቀየረ፣ 100 ዶላር ወረደ፣ ቺፑ ግን ንክች አላለም።

ቀኑ ከቺፑ ላላ፣ ከዋጋው ጠበቅ ያለ ነው። የራይዘን 9000 ፕሮሰሰሮች ጁላይ 31 ቀን 2024 ይወጣሉ ተብሎ ነበር፤ ኤኤምዲ የመጀመሪያው ጭነት የጥራት ደረጃውን አላሟላም ብሎ ወደ ኦገስት 8 እና 15 ገፋው። ሸቀጡ መደብር ከደረሰ በኋላ የሚሆን መንሸራተት ብዙውን ጊዜ በሳምንታት የሚቆጠር ነው። ከዚያ በፊት ላለው ደግሞ እኔ ሊኑክስን፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነውን የኮምፒውተር ሥርዓት፣ አያለሁ። ኤኤምዲና ኢንቴል የአዲስ ቺፕ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራ ፕሮግራም) ኮድ ለሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ለሥርዓቱ እምብርት፣ በይፋ የሚልኩት ከብዙ ወራት በፊት ነው፤ አዲስ ከርነል የሚወጣው በየዘጠኝ ወይም አሥር ሳምንት ስለሆነ ዘግይቶ መላክ አያዋጣቸውም። ኮዱ ገና ካልገባ፣ «በሚቀጥለው ወር ይወጣል» የሚለውን ወሬ በጥርጣሬ ያዙት። የመለኪያ ፕሮግራም ውጤት ሾልኮ ወጣ ሲባል ግን ብዙም አትደነቁ፤ የሙከራ ናሙና ፍጥነት የመጨረሻው ፍጥነት አይደለም።

አሁን ወደ ዋጋው። እዚህ ነው እውነተኛው ጨዋታ ያለው።

ጁን 2019፣ ኤኤምዲ አርኤክስ 5700 ኤክስቲን በ449 ዶላር አስተዋወቀ፤ ሽያጩ ጁላይ 7 ነው። ጁላይ 2 ላይ ኤንቪዲያ «ሱፐር» የተባሉትን ካርዶች ይዞ መጣ፤ 2060 ሱፐር በ399። ኤኤምዲ ጁላይ 5 ላይ፣ ለሽያጭ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዋጋውን ወደ 399 አወረደ። በኋላ የኤኤምዲ ሰዎች ከመጀመሪያውም ያሰብነው ወጥመድ ነው አሉ። እኔ ለማመን ይከብደኛል፤ ደግሞም ተሸናፊ ሆነህ ዋጋ ብታወርድም፣ አስበህበት ብታወርድም፣ ከውጭ ሲታይ አንድ ነው።

ጃንዋሪ 2020 ላይ ደግሞ የባሰ መጣ። አርኤክስ 5600 ኤክስቲ በ279 ዶላር ተባለ። ኤንቪዲያ ወዲያው 2060ን ወደ 299 አወረደ። ኤኤምዲ በዚህ ጊዜ ዋጋውን አልነካም፣ ፍጥነቱን ነካ፤ አዲስ ባዮስ (ካርዱ ውስጥ ያለ መነሻ ፕሮግራም) ልኮ የኃይል ገደቡን ከፍ አደረገ፣ የሜሞሪውን ፍጥነት ከ12 ወደ 14 ጊጋቢት በሰከንድ አሳደገ። በ192 ቢት የሜሞሪ መስመር ይህ በሰከንድ ከ288 ወደ 336 ጊጋባይት መዝለል ነው፤ ቀላል ጭማሪ አይደለም። ችግሩ ካርዶቹ በካርቶን ታሽገው መንገድ ላይ ነበሩ። አሮጌው ባዮስ ያለበት የደረሰው ገዢ ራሱ መቀየር ነበረበት፤ በባዮስ ቅየራ መሃል መብራት ከሄደ ደግሞ ካርዱ ላይነሳ ይችላል። አንዳንድ አምራቾችም የካርዱን ሰሌዳ ለ14 ጊጋቢት ስላልፈተሹት መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ሞዴሎችን በ12 ተዉአቸው። ስለዚህ ስሙ አንድ፣ ፍጥነቱ ሁለት የሆነ ካርድ ገበያ ላይ ዋለ።

የ2025ቱ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ጃንዋሪ ላይ የኤኤምዲ 9070 ካርዶች መደብሮች ዘንድ ደርሰው ነበር። ኤንቪዲያ 5070ን 549 ዶላር ሲለው ኤኤምዲ ዝም አለ፤ ፌብሩዋሪ 28 ላይ 9070ን 549፣ ኤክስቲውን 599 ብሎ፣ 5070 በወጣ ማግስት ማርች 6 መሸጥ ጀመረ። ሸቀጥ መጋዘን ቁጭ ብሎ ዋጋ ሲጠበቅ የሚመጣው ጣጣ ይኸውላችሁ፦ ነጋዴው ካርዱን የተረከበው ቀደም ባለ ሂሳብ ነው። የተነገረው ዋጋ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን አምራቹ ይክፈለው። ያ ድጎማ የሚሸፍነው የመጀመሪያውን ጭነት ብቻ ከሆነ፣ የተባለው ዋጋ ከመጀመሪያው ቀን ተሰላፊዎች አያልፍም። የ9070ም ዋጋ ብዙ ቦታ ወዲያው ከተባለው በላይ ወጣ።

የአሮጌው ክምችትም ይናገራል። ሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ እየቆፈሩ ማግኘት ሲቆም መደብሩ እንደ 3080 ባሉ የኤንቪዲያ 30ኛ ተከታታይ ካርዶች ተጥለቅልቆ ነበር። 3080 በ699 የወጣ ካርድ ነው፤ ተተኪው 4080 ግን በ1199 መጣ። በእኔ ግምት ያ ዋጋ አሮጌውን ለማሸጥ የተቀመጠ አጥር ነበር። ክምችቱ ካለቀ በኋላ፣ ጃንዋሪ 2024፣ 4080 ሱፐር በ999 መጣ።

እስቲ አንድ ጭምጭምታ በቁጥር እንፈትን፤ «ባለ 24 ጊጋ 5080 ይመጣል» የሚለውን። የሜሞሪ መስመሩን ስፋት ለ32 አካፍሉት፣ የሜሞሪ ቺፕ ብዛት ታገኛላችሁ። 5080 256 ቢት ነው፣ ስምንት ቺፕ። በባለ 2 ጊጋው ቺፕ 16 ጊጋ፣ በባለ 3 ጊጋው 24 ጊጋ ይሆናል። በቴክኒክ ይቻላል፣ የላፕቶፑ 5090ም በዚሁ ስሌት 24 ጊጋ አለው። ግን ባለ 96 ጊጋው የባለሙያዎች ካርድ፣ አርቲኤክስ ፕሮ 6000፣ ደግሞ 32 ባለ 3 ጊጋ ቺፕ ይበላል፤ የአራት ባለ 24 ጊጋ ካርድ ማለት ነው። አራቱ 5080 በወጣበት ዋጋ ቢሸጡ 4000 ዶላር ገደማ ነው፤ ፕሮው ግን ሲወጣ ብቻውን 8000 ገደማ ነበር። ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የሜሞሪ ዋጋ በኤአይ ማዕከላት ፍላጎት ሲተኮስ፣ እናንተ ብትሆኑ ቺፑን ለየትኛው ትሰጡታላችሁ? እንግዲህ ቀን ቆጣሪዎች ይህን ሂሳብ ሳያነሱ ወር ሲጠሩ ብዙ አልሰማቸውም።

ዘመድ ከአሜሪካ ሲመጣ ካርድ የምታስመጡ ካላችሁ፣ መድረክ ላይ የሚነገረው ዋጋ የሽያጭ ግብርን አይጨምርም፤ ዋስትናውም ብዙ ጊዜ የሚሠራው በተገዛበት አገር ነው። አዲስ ሞዴል እየተጠበቀ መግዛት ግድ ከሆነ፣ የመመለሻ ቀኑ ረዘም ያለ መደብር ምረጡና ደረሰኙን ያዙ፤ ዘመዳችሁ ከመብረሩ በፊት ዋጋ ከወረደ ካርዱን መልሶ በአዲሱ ዋጋ መግዛት ይችላል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልተዋችሁ። ለገምጋሚዎች ድራይቨር መቼ እንደተሰጠ ተከታተሉ። ሜይ 19 ቀን 2025 ባለ 8 ጊጋው 5060 ሲወጣ፣ ድራይቨሩ ለአብዛኞቹ ገምጋሚዎች ቀድሞ አልደረሰም፤ የመጀመሪያው ቀን ገዢ የገለልተኛ ገምጋሚ መለኪያ ሳያይ ነው የገዛው። እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያውን ሳምንት አሳልፉት።