ደረጃው ላይ የቆመው ሳጥን

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ የአርክቴክቸር ተማሪዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራላችሁ ስለ ደረጃ ነው። ስለ ተራ የኮንዶሚኒየም ደረጃ።

አያቴ ያረፉት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሰፈር ልጆች ሳጥኑን ተሸክመው ሲወርዱ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ አልዞር አላቸው። አቆሙት፣ አጋደሉት። እናቴ «ቀስ በሉ እንጂ፣ ቀስ!» እያለች ግድግዳውን በመዳፏ ትገፋለች፤ ፈቀቅ የሚልላት ይመስል። ያንን ደረጃ የነደፈው ሰው ክፉ አይደለም። አልጋና ሶፋ መውጣቱን አስቦ ይሆናል፤ ሬሳ መውረዱን ግን አላሰበም።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ውስጥ ፕሩት-አይጎ የሚባል መንደር ነበር። 33 ሕንፃ፣ እያንዳንዱ 11 ፎቅ። የነደፈው ሚኖሩ ያማሳኪ ነው፤ በኋላ የኒውዮርኮቹን መንትያ ሕንፃዎች የሠራው ሰው። ሊፍቱ የሚቆመው በ1ኛ፣ በ4ኛ፣ በ7ኛና በ10ኛ ፎቅ ብቻ ነበር። ሌላው ነዋሪ ከሊፍት ወርዶ በደረጃ ይሄዳል። ሊፍቱ በሚቆምባቸው ፎቆች ሰፋፊ መተላለፊያዎች ተሠሩ፤ ልጆች ይጫወቱባቸዋል፣ እናቶች ይገናኙባቸዋል ተብሎ። ዘራፊ አደባባቸው። ሰው በገዛ ደጁ መውጣት ፈራ። እርግጥ ጥፋቱ የንድፉ ብቻ አልነበረም፤ የጥገና ገንዘብ አልነበረም፣ ድህነቱና የዘር መድልዎው ከባድ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች የገቡት እ.ኤ.አ. በ1954 ነው፤ በ1972 ማፍረስ ተጀመረ።

ወደ እኛ ልመለስ። የኛዎቹ ነዳፊዎች ባህላችንን ጨርሰው አልረሱትም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሲጀመር በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት የጋራ ሕንፃ አብሮ ታስቧል። ኮሙናል እንለዋለን። የኛ ግቢው ግን መጋዘን ሆኖ ተከራየ። ስለዚህ በጉ ደረጃው ሥር ይታረዳል። ምጣዱም ቤት ገባ። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ሲሰካ መብራቱ ድርግም ይላል። ውሃው ደግሞ ግፊት ሲያጣ አራተኛ ፎቅ አይደርስም። እናቴ ሌሊት 8 ሰዓት ተነስታ ጀሪካን ትሞላለች። መቼ እንደምትተኛ የሚወስንላት ቧንቧው ነው።

እናንተ አንድ መስመር ስታሰምሩ የአንዲት እናት እንቅልፍ አብሮ ይሰመራል። ይህን የምላችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ስለምትችሉ ነው።

እኛ ፎቅ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና የሚፈላው ደረጃው መታጠፊያ ላይ ነው። እዚያ መቀመጫ የነደፈ የለም። ጠባብ ናት፤ ግን የጠዋት ፀሐይ ታገኛለች። ጎረቤት በርጩማውን ይዞ ይወጣል፣ የሚያልፈው ሰው ደግሞ ረከቦቱን ላለመንካት በጎን እየሾለከ «እንደምን አደራችሁ» ይላል። በቀደም ለእናቴ ተማሪዎች ላመጣ ነው አልኳት። «ይምጡ፣ ሦስተኛው ሳያልቅ ይድረሱ» ብላለች። ስትመጡ ሜትር ያዙ። መታጠፊያዋን እንለካታለን።