መጻሕፍቱ ሳይፈረጁ በሩ ይከፈት

[ምስል፦ ካርቶን የተደረደረበት ክፍል። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል።]

ይህን ክፍል ያየ መምህር ወዲያው ያውቀዋል። መጻሕፍቱ መጥተዋል፣ መደርደሪያው በወላጆች መዋጮ ተሠርቷል፣ በበሩም ላይ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል፤ በሩ ግን አይከፈትም። ምክንያቱን ስንጠይቅ የምናገኘው መልስ «ገና አልተደራጀም» የሚል ነው። እኔ ባስተማርሁበት፣ በምሥራቅ ጎጃም በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ይህ መልስ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲነገር ቆየ። በሁለተኛው ክረምት ማብቂያ ክፍሉ ሲከፈት መሬት ላይ የተቀመጡት ካርቶኖች ምስጥ ገብቶባቸው ነበር። ከዚያ በላይ ያሳዘነኝ ግን በእነዚያ ሁለት ዓመታት ውስጥ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሰው፣ ከመጻሕፍቱ አንዱን እንኳ ሳይገልጡ የሄዱት ልጆች ነገር ነው።

ስለዚህ በዚህ ቪዲዮ የማስረዳው አንድ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ በሙሉ ሳይደራጅ እንዴት በሥርዓት ሊከፈት እንደሚችልና ከመከፈቱ በፊት ምን ነገር የግድ መሠራት እንዳለበት ነው።

[ምስል፦ በጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ የንብረት መዝገብ።]

በቅድሚያ መዘጋቱ ከየት እንደሚመጣ እንመልከት። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ስንፍና ሳይሆን ፍርሃት ነው። ለትምህርት ቤቱ የመጣ ንብረት ሞዴል 19 በተባለው የንብረት መቀበያ ቅጽ ገቢ ይሆናል፤ ከዚያም ሞዴል 22 በተባለው የማውጫ ቅጽ ወጪ ተደርጎ በአንድ ሠራተኛ ስም ይያዛል። ያ ሠራተኛ ዓመታዊ ቆጠራ ሲደረግ ለጎደለው ሁሉ መልስ መስጠት አለበት። ስምንት መቶ ተማሪ ወደ ክፍሉ ገብቶ ሲወጣ አንድም መጽሐፍ እንዳይጠፋ ማድረግ እንደማይችል የሚያውቅ ሰው ቁልፉን በኪሱ ይዞ መዞርን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱን ለመክፈት የሚፈልግ ርእሰ መምህር አስቀድሞ ከወላጅ መምህር ኅብረት ጋር ተቀምጦ፣ በአገልግሎት ምክንያት ያረጀና የጠፋ መጽሐፍ በምን ዓይነት ቃለ ጉባኤ ከመዝገብ እንደሚነሣ መወሰንና ውሳኔውን በጽሑፍ ንብረቱ በስሙ ለተያዘው ሠራተኛ መስጠት ይኖርበታል። ይህ ውሳኔ ሳይኖር «ክፈት» ማለት ጭነቱን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ መጣል ይሆናል።

ቀጥሎ ሁለት ሥራዎችን እንለይ፤ መመዝገብ አንድ ነው፣ መፈረጅ ሌላ ነው። መመዝገብ ማለት ለእያንዳንዱ መጽሐፍ ተከታታይ ቁጥር ሰጥቶ ቁጥሩን፣ ርእሱን፣ የደራሲውን ስምና የገባበትን ቀን በአንድ ጠንካራ ደብተር ላይ ማስፈር፣ ያንኑ ቁጥር በመጽሐፉ ላይ መጻፍና የትምህርት ቤቱን ማኅተም በርእሱ ገጽና በውስጥ በኩል በአንድ የተወሰነ ገጽ፣ ለምሳሌ በሁሉም መጽሐፍ ገጽ 21 ላይ፣ መምታት ነው። መፈረጅ ግን መጽሐፉ ስለ ምን እንደሚናገር መርምሮ በዕውቀት ዘርፉ ቦታ መስጠት ነው። በሩ ከመከፈቱ በፊት የግድ የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለቱን አንድ አድርገን ስለምናያቸው ነው ዓመታት የሚያልፉት።

ልዩነቱን በስሌት እንየው። ትምህርት ቤቱ 1500 መጻሕፍት አሉት እንበል። አንዱን ለመመዝገብ 2 ደቂቃ ቢወስድ አራት ጥንድ ሰዎች፣ አንዱ እያነበበ ሌላው እየጻፈ፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሠሩ በሰባት ቀን ውስጥ ይጨርሳሉ። ቁጥሩ እንዳይደጋገም ለእያንዳንዱ ጥንድ የራሱን ተራ መስጠት ይበቃል፤ የመጀመሪያው ከ1 እስከ 400፣ ሁለተኛው ከ401 እስከ 800 እያለ ይቀጥላል፤ የተረፈ ቁጥር ቢኖር ኋላ ለሚመጣ መጽሐፍ ይውላል። በሌላ በኩል የማስተማር ሥራውን ሳይተው የሚፈርጅ አንድ መምህር በቀን 15 መጽሐፍ ቢያጠናቅቅ 100 የትምህርት ቀን፣ ማለትም 20 ሳምንት ያስፈልገዋል። ያ የአንድ ሴሚስተር ጊዜ ነው።

[ምስል፦ በቀለም የተለዩ መደርደሪያዎች።]

ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚፈረጁበት የዴዊ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1876 የወጣ ሲሆን ዕውቀትን በአሥር ዋና ክፍሎች ይከፍላል፤ 500 ለተፈጥሮ ሳይንስ፣ 800 ለሥነ ጽሑፍ፣ 900 ለታሪክና ለጂኦግራፊ ነው፤ የኢትዮጵያ ታሪክም በ963 ሥር ይገኛል። ጥሩ ሥርዓት ስለሆነ ወደ እርሱ መድረስ ይገባል። እስከዚያ ድረስ ግን ቀለም ይበቃል። መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ሲቆም በሚታየው ጠርዙ ላይ ባለቀለም ፕላስተር ይለጠፍ፤ አረንጓዴው ለሒሳብና ለሳይንስ፣ ቢጫው ለታሪክ፣ ለጂኦግራፊና ለኅብረተሰብ ትምህርት፣ ቀዩ ለአማርኛ ልብ ወለድና ተረት፣ ሰማያዊው ለእንግሊዝኛ ንባብ ይሁን። መዝገበ ቃላት ለብቻው ጠረጴዛ ይያዝ። ኋላ የዴዊ ቁጥር ሲመጣ በቀለሙ ላይ ይጨመራል እንጂ የተሠራው ሥራ አይፈርስም።

በመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት ንባቡ በክፍሉ ውስጥ ብቻ ይሁን፤ ውሰት አይጀመር። ተማሪው ያነበበውን መጽሐፍ ራሱ ወደ መደርደሪያው አይመልስ፣ በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጠው። ማታ በሩ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ተማሪ በጠረጴዛው ላይ ያለውን የእያንዳንዱን መጽሐፍ የመዝገብ ቁጥር በደብተር ይመዝግብ። ይህ ትንሽ የሚመስል ሥራ የሁሉም ቁልፍ ነው፤ ምክንያቱም ከአራት ሳምንት በኋላ ደብተሩ የትኞቹ መጻሕፍት ደጋግመው እንደተነሡ፣ የትኞቹም ማንም እንዳልነካቸው ይነግረናል። ፍረጃው በተደጋገሙት ይጀምራል። በተዘጋ በር ውስጥ የሚፈርጅ ሰው ግን ከመጀመሪያው ካርቶን ይጀምራል፤ በመጀመሪያው ካርቶን ውስጥ ደግሞ ከውጭ በእርዳታ የመጣ፣ ለልጆቹ ዕድሜ የማይሆን መጽሐፍ ሊሆን ይችላል።

የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትልቅ ባለውለታ የነበረውና አስቀድሞ የሒሳብ መምህር የነበረው ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 ካስቀመጣቸው አምስት ሕጎች የመጀመሪያው መጻሕፍት ለአገልግሎት ናቸው የሚል ነው። ይህ ሐሳብ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይመስለኝም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ፣ በዲማም ሆነ በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ፣ ተማሪ ስምንት ቤት (ስንኝ) ያለውን መወድስ የተባለ ረጅም ቅኔ እስኪችል ድረስ አፉን ዘግቶ አይጠብቅም። ጉባኤ ቃና በተባለው ባለ ሁለት ቤት አጭር ቅኔ ይጀምራል፤ የቆጠረውን፣ ማለትም የደረሰውን ቅኔ፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያቀናለታል። ዕውቀቱ የሚደራጀው እየተነገረና እየታረመ ነው።

[ምስል፦ የፊደል ገበታ፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ጎልተው ይታያሉ።]

አሁን በአማርኛ መጻሕፍት ላይ ወደሚያጋጥም ጉዳይ እንምጣ፤ ጊዜ ልሰጠው እፈልጋለሁ። መጻሕፍትን በፊደል ተራ ስንደረድር «ፀሐይ» እና «ጸሐይ» የት ይገባሉ? አንዱ መዝጋቢ «ዓለም» ብሎ፣ ሌላው «አለም» ብሎ ቢጽፍ ፈላጊው ልጅ ግማሹን መጽሐፍ አያገኝም። የምመክረው ለድርደራ ብቻ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ መቁጠር ነው፤ በመዝገቡ ላይ ግን ርእሱ መጽሐፉ ላይ እንደታተመ ሳይለወጥ ይጻፍ። የደራሲ ስምም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። የውጭ ደራሲ በቤተሰብ ስሙ ይፈለጋል፤ የእኛ ሰው ግን በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይጠራም። ጎጃም ያፈራቸው ሐዲስ ዓለማየሁ «ሐዲስ» ተብለው በ«ሀ» ተራ መገኘት አለባቸው፤ «ዓለማየሁ» በሚል የተመዘገቡ እንደሆነ ልጁ አጥቷቸው ይመለሳል። የኅትመት ዘመኑ ደግሞ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው ምልክት ሳይቀር ይገልበጥ፤ በ2005 ዓ.ም. የታተመው እ.ኤ.አ. በ2012 ወይም በ2013 የታተመ ሊሆን ስለሚችል መዝጋቢው በግምት አይቀይረው።

እነዚህን ውሳኔዎች በአንድ ወረቀት ጽፎ በመዝገቡ የውስጥ ሽፋን ላይ መለጠፍ ያስፈልጋል፤ የሚቀጥለው ዓመት መዝጋቢ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላልና።

አራት ሳምንቱ ሲያልቅ ውሰት በአንድ መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት ይጀመር። መዝገቡ የመጽሐፉን ቁጥር፣ የተማሪውን ስምና ክፍል፣ የወሰደበትንና የመለሰበትን ቀን ከያዘ ይበቃዋል። መዝገበ ቃላት ግን ከክፍሉ አይውጣ። ሰኔ ሲገባ ሁሉም ይመለስ፣ ይቆጠር፤ የታችኛው መደርደሪያ ከመሬት ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳውም ይራቅ፤ በክረምቱም ቢሆን በየሳምንቱ መስኮቱን የሚከፍት፣ የምስጥ አፈር መኖር አለመኖሩንም የሚያይ ሰው ይመደብ።

[ምስል፦ በበሩ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ።]

የመክፈቻው ቀን ምዝገባው ካለቀ በኋላ ያለው ሰኞ ይሁን። በበሩ ላይ የትኛው ክፍል በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚገባ ይጻፍ። ሁለተኛ ቁልፍ ተቀርጾ በርእሰ መምህሩ ቢሮ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያውን የያዘው መምህር በታመመ ወይም ለስልጠና ወደ ደብረ ማርቆስ በሄደ ቀን ተራ የደረሳቸው የአራተኛ ክፍል ልጆች በሩ ላይ ቆመው እንዳይመለሱ።