ከወፍራሙ ጫፍ በኩል፦ የዶሮና የተርኪ ጫጩት እንዴት ይፈለፈላል?

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል። እንቁላል የእጅ ባትሪ ላይ ተቀምጧል።]

እንቁላል አንሱና ጨለማ ቤት ውስጥ ወፍራሙን ጫፍ የእጅ ባትሪ ላይ ግጠሙት። ከቅርፊቱ ስር ክብ ነገር ይታያችኋል። አየር ነው። እንቁላሉ ሲጣል ትኩስ ነበር። ሲቀዘቅዝ ውስጡ ይኮማተራል፤ ያኔ ከቅርፊቱ ስር ባሉት ሁለት ስስ ሽፋኖች መሃል አየር ይገባል። ጫጩት በሕይወቷ መጀመሪያ የምትተነፍሰው እዚህ ኪስ ውስጥ ያለውን አየር ነው። ስለ ማስፈልፈል የምትሰሙት ምክር አብዛኛው፣ በደንብ ካያችሁት፣ ይህችን የአየር ኪስ ስለ መጠበቅ ነው።

ከእንቁላሉ እንጀምር። ከዶሮዎቹ ጋር አውራ ዶሮ ከሌለ እንቁላሉ አይዳብርም፤ ማስፈልፈያ ማሽኑ የፈለገውን ያህል ጥሩ ቢሆን ጫጩት አይወጣውም። ለአሥር ዶሮ ገደማ አንድ አውራ ይበቃል። ቅርጹ የተስተካከለ፣ ያልተሰነጠቀና ንጹሕ እንቁላል ምረጡ። ንጹሕ ሲባል ግን ታጥቦ የጸዳ ማለት አይደለም። እንቁላል ሲጣል ጀርም የሚከላከል ስስ ልባስ ይዞ ይወጣል፤ ስታጥቡት እሱን ታነሱታላችሁ። በጣም የቆሸሸውን ደግሞ ይቅርባችሁ። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ሣጥን ውስጥ ይበሰብሳል፤ አንዳንዴም ይፈነዳና ሌሎቹን ሁሉ ይበክላል።

እስኪጠራቀም ድረስ ወፍራሙን ጫፍ ወደ ላይ አድርጋችሁ ከ13 እስከ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት። ፍሪጅ ከዚያ በላይ ስለሚቀዘቅዝ አይሆንም። ከሳምንት በላይ የቆየ እንቁላል የመፈልፈል ዕድሉ ቀን በቀን ይቀንሳል። ከሩቅ የመጣ ከሆነም ወዲያው ማሽን ውስጥ አትክተቱት። በመንገድ ሲንገጫገጭ የአየር ኪሱ ይናጋል፤ አንድ ቀን ያህል ቀጥ ብሎ ይረፍ።

[ምስል፦ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ።]

አጥብቃ የምትታቀፍ ዶሮ ካለቻችሁ እኔ ከማሽን እሷን አስቀድማለሁ። ሙቀቱን፣ ማገላበጡን፣ እርጥበቱን ራሷ ትጨርሰዋለች። መካከለኛ ዶሮ ከ10 እስከ 12 የዶሮ እንቁላል ትሸፍናለች። የተርኪ ከሆነ ትልቅ ስለሆነ ቁጥሩን ቀንሱ። የዶሮ እንቁላል 21 ቀን፣ የተርኪ 28 ቀን ይወስዳል። ሁለቱን አብራችሁ ማስፈልፈል ካማራችሁ የተርኪውን ሰባት ቀን አስቀድሙ።

ማሽን ከሆነ እንቁላል ሳይገባበት አንድ ቀን ሙሉ ባዶውን ይሥራ። ፋን ያለው ማሽን 37.5 ዲግሪ ይሁን። ፋን የሌለው ላይ ሙቀቱ ከላይና ከታች ስለሚለያይ፣ ቴርሞሜትሩን ከእንቁላሉ አናት እኩል አድርጋችሁ 38.5 አካባቢ ጠብቁ። ከማሽኑ ጋር የመጣውን መለኪያ ብቻ አትመኑ፤ ሌላ ቴርሞሜትር ጨምራችሁ አመሳክሩ። ሙቀት ሲያንስ ጫጩቶቹ ይዘገያሉ፣ ይደክማሉም። ሲበዛ ግን እምብርታቸው ሳይዘጋ ቀድመው ይወጣሉ፤ ከዚያም ሲያልፍ በአጭር ጊዜ ይሞታሉ። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ አትደንግጡ። ክዳኑን አትክፈቱ፤ አየር ማስገቢያውን ሳትደፍኑ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት። ጽንስ ለጥቂት ሰዓት ቢቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ለግለት ግን አቅም የለውም።

ማገላበጥም አለ። እንቁላል በአንድ ጎኑ ከቆየ ጽንሱ ሽፋኑ ላይ ይጣበቃል። በእርሳስ በአንድ ጎን መስቀል፣ በሌላው ጎን ክብ አድርጉበት። በቀን ሦስት ወይም አምስት ጊዜ አገላብጡት። ጎዶሎ ቁጥር የሆነው፣ ረጅሙን ሌሊት ሁልጊዜ በአንድ ጎኑ እንዳያድር ነው። ማሽናችሁ ራሱ የሚያገላብጥ ከሆነ ይህን እርሱት።

[ምስል፦ ዲጂታል ሚዛን ላይ የተቀመጠ እንቁላል።]

ብዙ ሰው የሚቸገረው እርጥበቱ ላይ ነው። ቅርፊቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። በነሱ ውኃ በትነት ይወጣል፣ በምትኩ አየር ይገባል፤ የአየር ኪሱም እየሰፋ ይሄዳል። እርጥበት ሲበዛ ኪሱ አይሰፋም፤ ጫጩቷ አየር ልትስብ ስትል ፈሳሽ ያፍናታል። ሲያንስ ደግሞ ሽፋኑ ይደርቅና አጣብቆ ይይዛታል። ለዶሮ እስከ 18ኛው ቀን ከ50 እስከ 55 በመቶ ይሁን።

መለኪያውን ካልተማመናችሁበት የኩሽና ሚዛን ይበቃችኋል። እንቁላል እስኪሰነጠቅ ድረስ ከክብደቱ ወደ 12 በመቶ መቀነስ አለበት። ሲገባ 60 ግራም የነበረ በ18ኛው ቀን 53 ግራም አካባቢ ከሆነ ነገሩ መንገዱን ይዟል። 56 ላይ ከቆመ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው። በየሳምንቱ እየመዘናችሁ ከሄዳችሁ ቀኑ ሳያልፍ ታስተካክላላችሁ።

በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ቀን በባትሪ እዩት። መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ፣ ዙሪያውን ቀያይ የደም ሥሮች ካያችሁ ጽንሱ እያደገ ነው። ምንም ሳይታይበት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አልዳበረም። ቀይ ቀለበት ብቻ ከታየ ደግሞ ጀምሮ ቀርቷል። ሁለቱንም አውጡ። ቡናማ ቅርፊት ለማየት ያስቸግራል፤ ካልተለየላችሁ ጥቂት ቀን ጠብቃችሁ ድገሙት።

[ምስል፦ ቅርፊት ላይ ትንሽ ስንጥቅ። ምስሉ ሳይቆረጥ ይቆያል።]

ለዶሮ በ18ኛው፣ ለተርኪ በ25ኛው ቀን ማገላበጥ ይቆማል። እርጥበቱ ወደ 70 በመቶ ከፍ ይላል። ክዳኑ ይዘጋል፤ ከዚህ በኋላ እጃችሁን ሰብስቡ።

ውስጥ የሚሆነውን ማወቅ ትዕግሥት ይሰጣል። ጫጩቷ ጭንቅላቷን ከቀኝ ክንፏ ስር አድርጋ፣ ምንቃሯን ወደ ወፍራሙ ጫፍ አዙራለች። መጀመሪያ የውስጡን ሽፋን ቀድዳ ምንቃሯን የአየር ኪሱ ውስጥ ታስገባለች። ቅርፊቱ ገና ሳይነካ ጩኸቷ የሚሰማው በዚህ ጊዜ ነው። ኪሱ ያለው አየር ሲያልቅባት ምንቃሯ ጫፍ ላይ ባለችው ጠንካራ እብጠት ቅርፊቱን ትሰነጥቃለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ለ12 ሰዓት፣ አንዳንዴም ለአንድ ቀን ሙሉ።

ሰው የሚሸነፈው እዚህ ጋ ነው። የደከመች ይመስላል፤ ያሳዝናል፤ ጥፍር ወደ ቅርፊቱ ይሄዳል። እባካችሁ ተዉአት! በዚያ ዝምታ ውስጥ ሽፋኑ ላይ የተዘረጉት የደም ሥሮች እየደረቁ ነው፣ የቀረው አስኳልም ወደ ሆዷ እየገባ ነው። ቀድማችሁ ከላጣችሁ ትደማለች፤ አስኳሉም ውጭ ይቀራል። ክዳኑን ስትከፍቱም እርጥበቱ ይሸሻል፤ የሌሎቹ ሽፋን ይደርቃል። ጊዜዋ ሲደርስ ራሷ እየዞረች ቅርፊቱን ቆርጣ በእግሯ ገፍታ ትወጣለች።

የወጡትን ለማብላት አትቸኩሉ። ሆዳቸው የገባው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ያቆያቸዋል። ላባቸው ደርቆ እስኪነፋ እዚያው ይቆዩ።

[ምስል፦ ማሳደጊያ ሣጥን፣ ከላይ የማሞቂያ አምፖል።]

በማሳደጊያው ሣጥን የመጀመሪያው ሳምንት ሙቀት 35 ዲግሪ ነው፤ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ቀንሱ። ተደራርበው ከተኙ በርዷቸዋል፤ ከአምፖሉ ሸሽተው ጥግ ከያዙ ሞቋቸዋል። ወለሉ ላይ ልሙጥ ወረቀት አታንጥፉ፣ እግራቸው እየተንሸራተተ ይበላሻል።

የተርኪ ጫጩት የበለጠ ክትትል ይፈልጋል። ምግብና ውኃ አጠገቡ ሆኖ ሳያገኘው በረሃብ ሊሞት ይችላል። የእያንዳንዱን ምንቃር ውኃ አስነኩት፤ ጥልቀት በሌለው መጠጫ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብይ ጣሉ፣ ዓይኑን ስቦት ይነቁራል። የዶሮ ጫጩት 20 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ሲበቃው፣ እሱ 28 በመቶ ይፈልጋል፤ የዶሮውን መኖ ብቻ እየሰጣችሁ እንዲያድግላችሁ አትጠብቁ።

ሲያድጉም ከዶሮዎቹ ጋር አትቀላቅሏቸው። ዶሮ ራሷ ብዙም ሳትታመም የምትሸከመው፣ በአንጀት ትል እንቁላል ተሸሽጎ መሬት ላይ ለዓመታት የሚቆይ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። የተርኪን ጉበት አጥቅቶ ይገድላል። ማደሪያቸውም፣ የሚጭሩበት መሬትም ለየብቻ ይሁን። በዶሮ ያስታቀፋችሁት የተርኪ እንቁላል ከሆነ ደግሞ ጫጩቶቹ ሲወጡና ሲደርቁ ወዲያው ከእናቲቱ ነጥላችሁ ወደ ራሳቸው ሣጥን ውሰዷቸው።