በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ

እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ሰኔ ላይ እማዬ ከአዲስ አበባ ወደ ለንደን ትመጣለች። የእንግሊዝን ገጠር በመኪና ላሳያት አስቤያለሁ። የማወራችሁም ስለዚሁ ነው።

አምና ከጓደኛዬ ጋር ሄጄ ነበር። በሦስት ቀን አስራ አንድ መንደር! በኤክሴል ነው የሠራሁት፤ የት ስንት ደቂቃ እንደምንቆም ሳይቀር። ቦታው ኮትስዎልድስ ነው። ቤቶቹ የማር መልክ ባለው የኖራ ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። ካርታ ላይ ስታዩት መንደሮቹ ተጠጋግተዋል። መንገዱ ግን ሌላ ነው። ግራና ቀኙ ከመኪናው የሚረዝም የቁጥቋጦ አጥር፣ መሃሉ ለአንድ መኪና ብቻ። ትራክተር ከፊት ከመጣ አንዳችሁ መተላለፊያ እስክታገኙ ወደኋላ ትነዳላችሁ። ሁልጊዜ ወደኋላ የሚነዳው እኔ ነበርኩ። የግራ ስፖኪዮዬ ቀለም እዚያው አጥር ላይ ቀርቷል። ደግሞ እኮ እንዲህ ባሉ መንገዶች ብዙ ቦታ እስከ 60 ማይል ይፈቀዳል፤ 97 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እኔ በ20 እየነዳሁ ላብ በላብ ሆኜ ነበር።

ቢብሪ የምትባል መንደር ሰባት ደቂቃ ቆየን። ፎቶ ተነስተን ውልቅ። ያ ሁሉ ሰው ፎቶ የሚያነሳው አርሊንግተን ሮው የሚባለው የቤቶች ረድፍ ምን እንደነበር ያነበብኩት ለንደን ከተመለስኩ በኋላ ነው። በ14ኛው መቶ ዘመን የሱፍ መጋዘን ሆኖ ተሠራ፤ በ17ኛው የሸማኔዎች መኖሪያ ሆነ። እማዬ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት ናት። እሷ ብትሆን ሰባት ደቂቃ አይበቃትም።

በቀደም ስልክ ላይ፣ "ጃንሆይ የነበሩበት ቤት ሩቅ ነው?" አለችኝ። ደነገጥኩ። ፌርፊልድ ሃውስ ባዝ ከተማ ነው ያለው። ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው፣ በፈረንጅ ከ1936 እስከ 1940፣ የኖሩት እዚያ ነው። በ1958 ለአረጋውያን መገልገያ እንዲሆን ለከተማው ሰጡት። እኔ ደግሞ አምና ባዝ ገብቼ፣ የሮማውያኑን መታጠቢያ አይቼ፣ ሰዓት ሞላ ብዬ ወጥቻለሁ። አፈርኩ።

ስለዚህ ኤክሴሉን አጠፋሁት። ማደሪያችን ባዝ ብቻ ነው፤ ሦስት ሌሊት። ከለንደን የምንሄድበትንና የምንመለስበትን ሳይጨምር፣ በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አልነዳም። አንድ ቀን ለፌርፊልድ፣ አንድ ቀን ለቢብሪ። በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ ማታ 3 ሰዓት ተኩል ስለሆነ የሚያጣድፈን የለም።

የሚያሳስበኝ ምግቡ ነው። የሐዋርያት ጾም ላይ እንደርሳለን። የገጠር መጠጥ ቤቶች ደግሞ ከምሳ በኋላ ወጥ ቤታቸውን የሚዘጉ ብዙ ናቸው፤ እማዬ ጾሟን የምትፈታበት ሰዓት ላይ ማለት ነው። ሽሮ በፔርሙስ፣ እንጀራ በሳህን ይዘን ወንዝ ዳር እንበላለን።

ይህን ሁሉ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "እንዝርቴን ይዤ ልምጣ? እነዚያ ሸማኔዎች ቤት ደጅ ቁጭ እንላለን ካልክ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ" አለችኝ።

ያዢ አልኳት። አሁን እንዝርት በእጅ ሻንጣ ያሳልፋሉ ወይ የሚለውን እያጣራሁ ነው።