ጦስሽን ይዞ ይሂድ ያለችው ማን ናት?

እሺ… ሰላም ሰላም፣ እንዴት ከረማችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለም፣ ያ የምታውቁት ጎረቤታችን መሰርሰሪያውን ከጀመረ ታገሱኝ፣ ዛሬ አላቋርጥም። ስለ ቤት ኪራይ አወራለሁ ብያችሁ ነበር፣ እሱ ለሚቀጥለው ይቆይ፣ ምክንያቱም እህቴ ያለችኝ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ምን መሰላችሁ፣ እሁድ እሷ ጋ ቡና ተፈልቶ፣ ትንሿ ልጇ ሲኒ ከረከቦቱ ላይ ላንሳ ስትል ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። እኔ ሳላስበው “ጦስሽን ይዞ ይሂድ” አልኩ፣ ልጅቷም ልታለቅስ ጀምራ ነበር ተወችው። እና ደስ ብሎኝ ለእህቴ “አየሽ፣ ቁርጥ እማዬን” አልኳት። እህቴ ጀበናውን ይዛ እየቀዳች፣ ቀና እንኳን ሳትል “እማዬ እንደዛ ብላ አታውቅም። እታለም ናት” አለችኝ።

እታለም። ልጆች ሳለን ቤታችን የነበረችው ሰራተኛ። ስንት አመት ሆነኝ ይሄን ስም ከሰማሁ።

የፔርሙዙን ታሪክ መቼም ታውቁታላችሁ፣ ስለ እናቴ ባወራሁ ቁጥር እሱን ሳላነሳ አላልፍም። ግን ልድገመው፣ አሁን ስደግመው ሌላ ነገር እየታየኝ ነው። ያኔ የነበረው የቻይና ፔርሙዝ፣ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት፣ ውስጡ መስታወት የሆነው፣ ቡፌው ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ልጅ አይነካውም። እኔ ነካሁት። ክዳኑን ላዞር ስል ይመስለኛል፣ ወደቀ፣ ድምፁን የሰማ ሰው ያውቀዋል፣ እሱ እኮ አይሰበርም ይፈነዳል። ቧ! ቀረፋ ያለው ሻይ ቀዩ ሊሾ ላይ ፈሰሰ፣ ያ ስስ የሚያብለጨልጭ ስባሪ በየቦታው ተበተነ፣ እኔ መሃሉ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜያለሁ። ከዛ ከኋላዬ ሁለት እጅ ብብቴ ስር ገብቶ ብድግ አደረገኝ። “ጦስሽን ይዞ ይሂድ! ጦስ ጥምቡሳስሽን ይዞ ይሂድ! እግርሽን አሳዪኝ እስቲ፣ ቆረጠሽ?” ፊቷ አይታየኝም። እጁና ድምፁ ብቻ ነው ያለኝ። እና እስከ ባለፈው እሁድ ድረስ ያ እጅ የእናቴ ነበር፣ በቃ፣ ስለ እናትነት ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣልኝ እሱ ነው።

እህቴ ምን ትላለች፣ ቀኑ የስራ ቀን ነው፣ ሁለታችንም ከሰዓት ፈረቃ ስለሆንን ቤት ነን፣ እማዬ ቢሮ ናት። ቤት የነበረች ትልቅ ሰው እታለም ብቻ ናት። እኔ ተከራከርኩ፣ አንቺም ልጅ ነበርሽ ምኑን ታስታውሺዋለሽ አልኳት፣ ትንሽ ተነታረክን። ማታ ግን አልጋዬ ላይ ሆኜ እጁን መልሼ ሳስበው… ሊጥ አለበት። እስከ ክርኑ ድረስ፣ ደርቆ የተሰነጣጠቀ ሊጥ፣ ሰማያዊ የዩኒፎርም ሹራቤ ላይ ተለጥፎ ቀርቶ ትምህርት ቤት ድረስ በጥፍሬ እየፋቅኩት ሄጃለሁ። የእርሾ ሽታ ነበረው፣ ያ የሚኮመጥጠው። ይሄን ሁልጊዜ አውቀው ነበር እኮ! ዝም ብዬ አላየሁትም። እማዬ በስራ ቀን ሊጥ አታቦካም።

የእንጀራ ነገር ከተነሳ፣ እናንተ እንጎቻ ትዝ ይላችኋል? አሁን እንጀራ ከሱቅ ነው፣ በፌስታል፣ አምስትም አስርም አስቆጥረን ይዘን እንገባለን፣ እኔም እንደዛው ነኝ፣ ጊዜ የለም። ግን ከሱቅ እንጎቻ አይገዛም። በጋገራ ቀን ኩሽናው በባህር ዛፍ ቅጠል ጭስ ተሞልቶ፣ እታለም ምጣዱን በጎመን ዘር አሰስ ታደርግና፣ አዙራ ትጋግርና፣ አክንባሎውን ትደፋበታለች፣ እኔና እህቴ በሩ ስር ቁጢጥ ብለን እንጠብቃለን። ትልልቁ ካለቀ በኋላ በቀረችው ሊጥ ለየአንዳንዳችን ትንሽዬ እንጎቻ ታወጣልናለች፣ አዋዜ ቀባ አድርጋበት፣ እየተቃጠልን እንበላለን። “ቀስ በሉ፣ ማንም አይቀማችሁም” ትላለች። ይሄንንስ ማን ነበር የሚለው ስል፣ እሱንም ለእማዬ ሰጥቼው ነበር። ሱቅ ስትልከኝ መሬት ላይ እንትፍ ትልና “ምራቄ ሳይደርቅ ነይ” ትለኛለች፣ እኔ እግሬ አውጪኝ፣ ስመለስ “እደጊ፣ ተመንደጊ”። ይሄም የሷ ነው። ማታ ቤት አይጠረግም የምትለዋ… እሷ የእማዬ ናት መሰለኝ። ወይ የሴት አያቴ። አያችሁ፣ አሁን ሁሉንም እየለቀምኩ ነው፣ ይሄ የማን ነው ያ የማን ነው እያልኩ፣ ሰልችቶኛል ግን ማቆም አልቻልኩም።

እና ስሟን አላውቅም። እታለም እኮ ታላቅ እህት የሚጠራበት ነው። እህቴም አታውቀውም። ከጎጃም ነው የመጣችው፣ ከየት ወረዳ እንደሆነ እንጃ። ስትመጣ ስንት አመቷ ነበር? ለኛ ትልቅ ሰው ነበረች፣ አሁን ሳሰላው አስራ ስድስት፣ አስራ ሰባት ብትሆን ነው። ልጅ ነበረች! የማታ ትምህርት ትሄድ ነበር፣ ደብተሯን ነጠላዋ ስር ይዛ። እሁድ ከሰዓት 120 የሚባለው ፕሮግራም በኢቲቪ ሲጀምር ሁላችንም ሶፋ ላይ ነን፣ እሷ የጓዳው በር ላይ ተደግፋ ቆማ ነው የምታየው። ሁለት ሰዓት ሙሉ። ማንም አትቀመጪ አላላትም፣ ማንም ደግሞ ተቀመጪ አላላትም።

ቆይ ውሃ ልጠጣ።

እህቴ ሌላም ነገር ጨመረችልኝ፣ ይሄኛውን ባትነግረኝ ይሻለኝ ነበር። ማታ እማዬ ስትመጣ “ፔርሙዙን ማን ሰበረው?” ብላ ጠየቀች፣ እታለም ናት “እኔ ነኝ እትዬ” ያለችው። እኛ አጠገቧ ቆመናል። እህቴ ከደሞዟ ተቆርጦባታል ትላለች። እርግጠኛ ነሽ ወይ ስላት “መሰለኝ፣ እንደዛ ነበር የሚደረገው” አለችኝ። እውነቷን ነው፣ በየቤቱ እንደዛ ነበር የሚደረገው፣ ብርጭቆ ቢሰበር፣ ሰሃን ቢሰበር፣ ይቆረጣል። አሁንም የሚቆርጥ አለ። ለማን ትከሳለች? የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011ን ማለቴ ነው፣ የቤት ሰራተኛን አይሸፍንም እኮ፣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስናል ብሎ ነው የሚያልፈው፣ ከሱ በፊት የነበረው 377/1996ም እንደዛው ነው። እናንተ ውስጥ ቤቱ ሰራተኛ ያለው ሰው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ፣ እየሰበክኳችሁ አይደለም፣ ግን ልጆቻችሁ አስር ሰዓት ሙሉ የማንን ቃል እየሰሙ እንደሚያድጉ አስቡት… እሺ፣ ይሄን እዚህ ጋ ልተወው።

እማዬን ግን መጥፎ ሰው አድርጌ ላሳያችሁ አልፈልግም፣ በጭራሽ። እማዬ በመንግስት ደሞዝ አራት ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፣ ያ ፔርሙዝ ለሷ ቀላል እቃ አልነበረም፣ ከመርካቶ በእቁብ ብሯ ነው የገዛችው። ደክሟት ትመጣለች፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ደብተራችንን ታያለች። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሷ ነው። ታዲያ ምንድን ነው ያስከፋኝ? ከእማዬ የተወሰደ ነገር ያለ ይመስለኛል፣ ወዲያው ደግሞ አይ፣ መጀመሪያውኑ ከሌላ ሰው ወስጄ ነው የሰጠኋት እላለሁ፣ ከዛ ደግሞ እህቴ ተሳስታ ቢሆንስ እላለሁ። ሊጡ ግን አለ። ሊጡን እሷ አልነገረችኝም፣ እኔው ነኝ ያስታወስኩት።

የት ሄደች ብትሉኝ፣ እኔ የማውቀው ቤሩት ሄደች ሲባል ነው፣ ያኔ ብዙ ልጆች ይሄዱ ነበር፣ የሰፈራችንም ልጆች ሄደዋል። እህቴ ደግሞ አገሯ ገብታ አገባች ነው የምትለው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመጣ አልነበረችም፣ ይሄን ሁለታችንም እናስታውሳለን። አላለቀስኩም መሰለኝ። ወይ አልቅሼ ይሆናል።

ቅዳሜ እማዬ ጋ ምሳ እንበላለን። ስሟን ብቻ ልጠይቃት ነው ያሰብኩት፣ ፔርሙዙን ሳላነሳ፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ። እህቴ “ስሟን ካነሳሽ ሌላውም መምጣቱ አይቀርም፣ ተያት፣ አርጅታለች” ትለኛለች። ሊሆን ይችላል። አባዬ ግን የወር ወጪ የሚጽፍበት ደብተር ነበረው፣ ያ ሰማያዊ ደብተር፣ የዘይት፣ የመብራት፣ የሰራተኛ ደሞዝ፣ ሁሉንም በስም በስሙ ነው የሚጽፈው። ቁምሳጥኑ ላይ ካለው ሻንጣ ውስጥ አይጠፋም። እሱን ልፈልግ መሰለኝ መጀመሪያ፣ ማንንም ሳልጠይቅ። ግን ስሟ እዛ ካለ የተቆረጠውም እዛው ይኖራል እኮ፣ ከአጠገቡ… እንጃ። እስቲ ቅዳሜ ይድረስ።